ተራው የማን ነበር

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 12 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘገዬ፣

ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ፤ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ በር ሳያንኳኳ እንደሚገባ ሰው ነው ያልከኝን አልረሳሁም። ስለዚህ አንኳኳሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ ባለቤቴ ሃሊሞም ደህና ናት፣ መጋላም ትተሃት እንደሄድክ ናት፤ ሙቀቷም አቧራዋም አልቀነሰም። አንተስ እንዴት ነህ? ሳሉስ ጋብ አለልህ? ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ድንጋይ፣ ማታ ማታ ከሥራ ስትወጣ የምትቀመጥበት፣ ባዶውን ነው። ሰው ሊቀመጥበት ሲመጣ ቅር እያለኝ ወደ ውስጥ ግባ እላለሁ።

የጠየቅከኝን ልመልስልህ። አዎ፣ ተመልሼ ሄጃለሁ። ባቡሩ አንተን ይዞ ከጣቢያው እንደወጣ ሱቄን ሳልከፍት በጭነት መኪና ወዳደንንበት ወደ ዋሂል ሄድኩ። የአጋዘኑ ደም እስከ ደረቁ ወንዝ ድረስ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ነው፣ ድንጋይ ደግሞ ወሬ አያወጣም። ግራ የፊት እግሩን እንደሚጎትት ግን አሸዋው ላይ አይቻለሁ። አጋዘኑን አላገኘሁትም።

በደብዳቤህ «ጥይቱ የእኔ ነበርና ጥፋቱም የእኔ ነው» ብለሃል። ይህን አልቀበልም። አንተ ነገሩን ስታነሳ ጥይቱን ብቻ ነው የምታስታውሰው፣ እኔ ግን ቢላዋው ነው ትዝ የሚለኝ።

ስንት ዓመት አብረን ስናድን ሕጋችን አንድ ነበር፤ አንድ ቀን የአንተ፣ አንድ ቀን የእኔ። ተራው የአንተ ሲሆን አንተ ትተኩሳለህ፣ በስመ አብ ብለህ ታርዳለህ፣ ሥጋው ወደ ከዚራ ይሄዳል። የእኔ ሲሆን እኔ እተኩሳለሁ፣ ቢስሚላሂ ብዬ አርዳለሁ፣ ሥጋው መጋላ ይገባል። አንዱ የሌላውን ሥጋ አይቀምስም፤ ግን አንዱ ያለ ሌላው ወጥቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ተራው የእኔ ነበር። ነገ ለሕክምና ትሄዳለህ፣ መቼ እንደምትመለስም አይታወቅም ብዬ ምንሽሩን ሰጠሁህ። ተኮስክ። አጋዘኑ በጉልበቱ ወደቀ።

አጠገቡ ስንደርስ ቢላዋውን አወጣሁና፣ ተኳሹ አንተ ነህ፣ ባርከው፣ ለአለምብርሃን የስንብት ሥጋ ይሁናት አልኩህ። አንተ ደግሞ ተራው የአንተ ነው፣ ሃሊሞ ትብላው ብለህ መለስክልኝ። እኔም መልሼ ሰጠሁህ። ሁለት ጨዋ ሰዎች በር ላይ ቆመው አንተ ቅደም፣ ኧረ አንተ ቅደም እንደሚባባሉት፣ እኛም ቢላዋ ስንቀባበል አጋዘኑ ቀና ብሎ አየን። ከዚያ ተነሳና ሄደ። ልትሮጥ ስትል ሳል ጣለህ፤ መሐረብህ ላይ ደም ሳይ እኔም አጋዘኑን ተውኩት። እና ወንድሜ፣ ጥፋቱ የጥይቱ አይደለም። ወላሂ የጨዋነታችን ነው።

ይህን የምጽፈው ከዚራ ቤትህ በረንዳ ላይ ነው። ሚስትህ አለምብርሃን ራሷ መጻፍ ስለማትችል ቃሏን ታስጽፈኛለች፣ አንዲት ቃል እንዳላስተካክልም አስምላኛለች። እንዲህ ትልሃለች፦

«ያ ነገረኛ ኮቱን ሳይደርብ ደጅ እንዳይወጣ። አዲስ አበባ ድሬዳዋ መስሎት ደረቱን ገልጦ ነው የሚዞረው። የሐኪም ቤቱን ሾርባ ጠላሁት ብሎ ጽፏል አሉ። የእኔንስ ወጥ መቼ አመሰገነና ነው! አፍንጫውን ይዞ ይጠጣ።»

ቢሌ

•

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቢሌ፣

አንኳኩተህ ገባህ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ከፈትኩልህ። ደብዳቤህን በአጠገቤ ለተኙት የመንዝ ሽማግሌ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ ቢላዋው ስደርስ እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ከዚያ «አውሬውስ?» አሉኝ። እኔም ደብዳቤህን አጠፍኩት።

እንዴት ነህ ላልከኝ፣ ደህና ነኝ። የተኛሁበት ረጅም ክፍል ነው፣ አልጋዎቹ በሁለት ወገን ተደርድረዋል፣ መስኮቶቹ ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው። ብርዱ ለሳንባ መድኃኒት ነው ይላሉ። እንግዲህ ድሬዳዋ ሰላሳ ዓመት የኖረ ሰው ይህን እንዴት እንደሚያምን አንተው ታውቃለህ። ጠዋት ጠዋት ነርሷ መርፌ ይዛ ትመጣለች። የምወጋበት ቦታ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፣ ግን ሳሉ ቀንሷል፣ ደሙም ከቆመ ሰነባበተ።

ክፉው ቀን እሑድ ነው። ለሰው ሁሉ ዘመድ ይመጣለታል። እንጀራው ይፈታል፣ ወሬው ይደራል፣ ሕፃናቱ በአልጋዎቹ መሐል ይሯሯጣሉ። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን አንዳንዶቹ አዝነውልኝ ከምግባቸው ሊያቃምሱኝ ይጠሩኝ ነበር። እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የተኛሁ እመስላለሁ። ጠልቻቸው አይደለም። እንዲያዩኝ አልፈልግም።

ያኔ ነው ስለ አጋዘኑ አንድ ነገር የገባኝ። ቁስለኛ አውሬ ከመንጋው እንደሚለይ አንተም እኔም ብዙ ጊዜ አይተናል። ሌሎቹ ያባርሩታል እያልን ነበር የምናወራው። አያባርሩትም ቢሌ። እሱ ነው የሚሸሻቸው። ደህና ሳለ የሚያውቁት ዓይኖች ሲያነክስ እንዲያዩት አይፈልግም። ይህን ጫካ ለጫካ ስዞር አልተማርኩትም፣ እዚህ አልጋ ላይ ተኝቼ ነው የተማርኩት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እኔ ግን ወግቼም አልረሳሁም። ያ ያየን ጊዜ የነበረው ዓይኑ ጣራው ላይ ይታየኛል። እባክህ ፈልገውና ጨርሰው። ተራው የማን ነው አትበል። ሥጋው ለአሞራ ቢሆን ግድ የለኝም፣ ስቃዩ ይብቃው። ይህን አደራ ከአንተ በቀር የምሰጠው ሰው የለኝም።

ለአለምብርሃን ይህን አንብብላት፦ ሾርባውን ጠጥቻለሁ፣ ኮቱንም ከላዬ አላወልቅም። ወጥሽን አልወደድኩም ያለው ማነው? ጨው ይበዛዋል ነው ያልኩት፣ ዛሬም እላለሁ።

ዘገዬ

•

ድሬዳዋ፣ ጥር 24 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለተከበርከው ወንድሜ ለዘገዬ፣

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታህን እለምናለሁ። ሥራ በዝቶ ነው። ከጅቡቲ የመጣ ጨርቅ ነበር፣ እሱን ስንረከብ፣ ከዚያም ሃሊሞን ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ደህና ናት። በጠቅላላው ሁላችንም ደህና ነን፣ የምታስብበት ነገር የለም። ሳልህ መቀነሱን ሰምቼ አላህን አመሰገንኩ።

አደራህን አልረሳሁም፣ ዋሂል ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። እዚያ ዩሩብ የምትባል የግመል ወተት የምትሸጥ ሴት አለች፤ ከዋሂል በታች ካለው ኩሬ አጠገብ ነው ቤቷ። ግራ እግሩን የሚጎትት ጎዲር፣ እናንተ አጋዘን የምትሉትን፣ አይተሻል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አየሁ አለች። ሌሎቹ ጠጥተው ከሄዱ በኋላ ብቻውን እንደሚመጣ፣ ውኃው ጋ ከመድረሱ በፊት ለረጅም ጊዜ ቆሞ እንደሚያዳምጥ ነገረችኝ። አንዳንድ ቀን ጅብ ይከተለዋል፣ እንዴት እስካሁን እንደተረፈ አላህ ያውቃል አለች። ኩሬው አጠገብ ካለው ግራር ሥር ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩ። አልመጣም። በሁለተኛው ጊዜም አልመጣም። ነፋሱ ወደ እሱ ሳይነፍስ አልቀረም። ዱካውን ግን አየሁ፣ የግራው ኮቴ አሸዋውን እየጫረ ነው የሚያልፈው፣ ሦስቱ ግን ጠንካሮች ናቸው።

ግራሩ ሥር ብቻዬን ስቀመጥ ደስ አላለኝም። ጫካ ውስጥ ዝምታ ጥሩ ነው ስንባባል ኖረናል፣ ግን ዝም የሚሉት ሁለት ሰዎች ሲሆኑ ነው። ብቻህን ስትሆን ዝምታው ሌላ ነው፣ የምትሸሸውን ሐሳብ ሁሉ አምጥቶ ፊትህ ይደረድረዋል። ጆሮዬ ሳልህን ሲጠብቅ ሁለት ጊዜ ያዝኩት። ይገርምሃል፣ አውሬ ያባርርብናል እያልኩ የምቆጣህን ሳል።

ሌላ ወሬ የለም። አቶ ወልደጻድቅ፣ የእድራችሁ ዳኛ፣ ባለፈው ቤትህ ተገናኝተን ሰላምታዬን አድርስልኝ ብሎኛል። ዝናብ የለም። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ እንደ ደረቀ ነው። ዋናው ጤናህ ነው፣ መርፌህን ሳታቋርጥ ተወጋ፣ ሌላውን ሁሉ ለፈጣሪ ተወው።

ባለቤትህ ወይዘሮ አለምብርሃን ከፍ ያለ የናፍቆት ሰላምታ ታቀርብልሃለች። እኔ ደህና ነኝ፣ ስለ እኔ ምንም አታስብ፣ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድልህ ብላለች።

ቢሌ

•

አዲስ አበባ፣ የካቲት 18 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቢሌ፣

የተከበርከው ወንድሜ ብለህ ጽፈህልኛል። በዚህ ሁሉ ዓመት ወዳጅነታችን አክብረኸኝ አታውቅም። ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩና ግማሹ ላይ ተውኩት። 

ዱካ ማንበብ አንተ ነህ ያስተማርከኝ፤ ፊደል አስቆጠርኩህ፣ አንተ ደግሞ አሸዋ አስነበብከኝ። አውሬ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ዙሪያውን ከዞረ፣ ከመንገዱ ላይ የሚሸሸው ነገር አለ ብለኸኝ ነበር። ደብዳቤህም ይዞራል። ስለ ጨርቅ ይነግረኛል፣ ስለ አሸዋ፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ ወተት ሻጯ። አንድ ቦታ ሲደርስ ግን ዞሮ ያልፋል። የእድር ዳኛ እኔ በሌለሁበት ቤቴ ምን ሊሠራ እንደመጣ አላልክም።

ደግሞ አለምብርሃን «ከፍ ያለ የናፍቆት ሰላምታ» አለች ትላለህ። የእኔዋ አለምብርሃን? ስለ እኔ አታስብ አለች? ካገባኋት ጀምሮ ስለ እሷ እንዳስብ ነው ስትጨቀጭቀኝ የኖረችው። ስለ ጨው ለጻፍኩት ደግሞ መልስ የለም። ያቺ ሴት በጨው ነገር ተነክታ ዝም የምትልበት አንድ ምክንያት ብቻ ነው ያለው።

አልጠይቅህም። ብጠይቅህ ወይ ትዋሸኛለህ ወይ ትነግረኛለህ፣ ሁለቱንም በአንተ ላይ መጣል ይከብደኛል። ይኸው ደግሞ ጨዋነት ጀመረኝ። ቢላዋው በእጅህ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ለማን ላቀብለው እያልክ ዙሪያህን እንደምታይም ይታየኛል። እኔ ደግሞ እዚህ በጉልበቴ ወድቄ አንተንም የእድሩን ዳኛም እያየሁ ነው።

ስለ መርፌው አደራ ብለሃል። ሰሞኑን አልተወጋሁም። ነርሷ ስትመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፣ መጀመሪያ ተቆጣችኝ፣ አሁን ግን ትሪዋን ይዛ ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች። ሾርባውንም ሁዳዴ ነው ብዬ መልሻለሁ። የሐኪም ቤቱ ቄስ ለበሽተኛ ጾም የለበትም አሉኝ። እኔም እሺ አባቴ አልኩና አልጠጣሁም። ሳሉ ተመልሷል። ያ ሁሉ መርፌ እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ለምትሰድበኝ ሰው ስል ነበር። አሁን ለማን ብዬ ልወጋ?

አጋዘኑንስ አገኘኸው? ስለ እሱ እንኳ እውነቱን ንገረኝ።

ዘገዬ

•

ድሬዳዋ፣ መጋቢት 20 ቀን 1950 ዓ.ም.

ዘገዬ፣

ዛሬ አላንኳኳም።

ደብዳቤህን ይዤ አቶ ወልደጻድቅ ዘንድ ሄድኩ። አነበብኩለት። አንገቱን ደፍቶ ሰማና፣ ልጄ፣ ከእኛ ይልቅ የምትቀርበው አንተ ነህ፣ ደብዳቤውም የምትጻጻፉት ሁለታችሁ ናችሁ፣ አንተ ብትነግረው ይሻላል አለኝ። እኔም፣ ጋሼ፣ እናንተ የእምነቱ ሰዎች ናችሁ፣ እንዲህ ያለውን ነገር በማለዳ ቤቱ ሄዶ የሚያረዳው የእናንተ ሽማግሌ ነው፣ እኔ በምን ደፍሬ አልኩት። እሱ አንተ ቅደም ይለኛል፣ እኔ እርስዎ ይቅደሙ እለዋለሁ። ሁለታችንም በጣም ጨዋ ነበርን። ከቤቱ ወጥቼ ደቻቱን ስሻገር እግሬ መሐል አሸዋው ላይ ቆመ። ይህን ነገር ከዚህ በፊት የት ነው ያደረግኩት አልኩ። ዋሂል ነው ያደረግኩት።

በማግስቱ ምንሽሩን ይዤ ሄድኩ፤ ጨርሰው ብለኸኝ የለ። ዘንድሮ የእናንተ ሁዳዴና የእኛ ረመዳን ተገናኝተዋል። ሥጋው ለአንተም ለእኔም የሚሆን አይደለም። እንዲህ ያለ ቀን ወጥቼ አላውቅም፣ በማን ስም እንደምተኩስ እንኳ አላወቅኩም። ምራቄ ደርቆ ግራሩ ሥር ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል መንጋው መጣ፣ ጠጣ፣ ሄደ። ከዚያ እሱ ብቻውን መጣ።

እንደማይህ አድርጌ ነው ያየሁት። ግራ ትከሻው ላይ ቁስሉ ገጥሟል፣ ፀጉር ግን አልበቀለበትም። እግሩ አጥሯል። ሲራመድ እንደሚሰግድ ሰው ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ቀና ይላል። ሆዱ ግን ሞልቷል ዘገዬ፣ ቀንዱም እንዳማረበት ነው። አነጣጠርኩ። ቀና ብሎ አየኝ፣ የዚያን ቀን እንዳየን። ያኔ ግን የሞት ዓይን መስሎን ነበር። የሞት ዓይን አልነበረም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ምን እየተነጋገሩ ነው ብሎ ነበር የሚያየን። እኛ ሥጋ ነው ብለን ስንከፋፈለው እሱ እግሩን እየሞከረ ነበር።

ምንሽሩን አወረድኩት። ስቃዩን ጨርስለት ብለህ አደራ ሰጥተኸኝ ነበር፣ አደራህን አልፈጸምኩም። ቁስለኛ ሁሉ የሚሞት መስሎን ነው የተሳሳትነው፣ አንተም በአንተ በኩል፣ እኛም በእኛ በኩል። ውኃውን ጠጣና እያነከሰ ሄደ። ተራው የአንተም የእኔም አልነበረም፣ የራሱ ነበር።

አሁን የምነግርህን ተቀምጠህ ስማኝ። አለምብርሃን ሞታለች። ታኅሣሥ ሳያልቅ ወባ ያዛት፣ ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ መድኃኒት ሰጧት፣ ትኩሳቱ ግን አልለቀቃትም። ሃሊሞ ከአጠገቧ አልተለየችም፣ ያመማትም ከዚያ በኋላ በሐዘኑ ነው። እድርተኛው በሙሉ ወጥቶ በክብር ቀብሯታል። እኔም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ሸኝቻታለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና፣ ደረቱ እስኪድን ድረስ አይነገረው፣ ሰምቶ ይሞታል አሉ። እኔም አዎ አልኩ። ሆድ ይፍጀው አልን። ያቺን ሰላምታ የጻፍኳት እኔ ነኝ። እሷን መምሰል አቃተኝ። አንዲት ስድብ እንኳ በስሟ መፍጠር አልቻልኩም።

እንዲህ ያለ ወሬ በደብዳቤ አይነገርም፣ በእናንተም በእኛም። ፖስታው ላይ በማለዳ ይከፈት ብዬ ልጽፍበት አማረኝ፣ ግን ፖስታ ቤቱ ይስቅብኛል ብዬ ተውኩት። ልትቆጣኝ ትችላለህ። ብትቆጣኝ እንኳ ጻፍልኝ።

ቢሌ

•

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 30 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለቢሌ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከሰዓት በኋላ ነው፣ አንብቤው ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ ጠዋት የመንዙ ሽማግሌ ፊቴን አይተው ከአልጋቸው ወረዱ። ባዶ እግራቸውን አጠገቤ መጥተው «ማን ነው የሞተብህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ክፍሉን ሁሉ በምልክት ጠሩት። መራመድ የሚችለው ሁሉ ብርድ ልብሱን እንደ ጋቢ ተከናንቦ መጣና በአልጋዬ ዙሪያ ተቀመጠ። ሳል ብቻ ይሰማል። ለሚስቴ የደረሳት ሁለተኛው ለቅሶ ይህ ነው። እኔ የተገኘሁበት ግን የመጀመሪያው ነው።

ቀድሜ አውቄው ነበር፣ በጥር የጻፍክልኝን ሰላምታ ሳነብ ልቤ ነግሮኝ ነበር። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል። ግን ማወቅና መስማት አንድ አይደለም። ተቆጥቻለሁ ቢሌ። ያንን ሁሉ ጊዜ እሑድ በመጣ ቁጥር ለእሷ የምነግራትን ነገር ሳጠራቅም ነበር። ነርሷ ተረከዙን ረግጣ ስለምትጎትተው ጫማ፣ ሽማግሌው በእንቅልፋቸው በሬ ስለመንዳታቸው፣ እነዚህን ሁሉ ለእሷ ይዤ ነበር። ለአፈር ነው ያጠራቀምኩት። ሰምቶ ይሞታል ብላችሁ ነው። ሳልሰማ ምን ያህል እየሞትኩ እንደነበር ግን ማን አየኝ?

አጋዘኑን ስላልገደልክ አመሰግንሃለሁ። ይህን ለማለት ብዙ ቀን አሰብኩ፣ መጀመሪያ በእሱም ተቆጥቼ ነበር። በሦስት እግር መኖር ምን ኑሮ ነው ብዬ።

ስለ መርፌው አትጠይቀኝ። አልጀመርኩም።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። በመጨረሻ ምን አለች? ሰዎች ለሟች የሚሉትን አልፈልግም። ዓይኗን ወደ ሰማይ አቅንታ ምናምን እንዳትለኝ። እሷ በአፏ ያለችውን፣ አንድም ቃል ሳታስተካክል። ምንም አላለች እንደሆነም ምንም አላለችም በለኝ።

ዘገዬ

•

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1950 ዓ.ም.

ወንድሜ ዘገዬ፣

ብላለች። እስካሁን አፌ ውስጥ ይዤው ነበር፣ ሳልነግርህ እንዳልሞት ፈርቼም ነበር።

የታኅሣሡ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ እሷ ተኝታ ነበር። ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርጋት ሄጄ አነበብኩላት። ስለ ሾርባው ስትሰማ ፈገግ አለች። ጨው ይበዛዋል ያልከው ላይ ስደርስ ግን ሳቀች፣ በጣም ሳቀች፣ ሃሊሞ ሕመምተኛ ታስቃለህ ወይ ብላ ልታስወጣኝ ነበር። ከዚያ ጻፍ አለችኝ። ብዕር አልያዝኩም፣ ነገ እጽፈዋለሁ አልኳት። በማግስቱ ስመጣ ሰው አታውቅም ነበር። ስለዚህ በወረቀት የለም፣ ግን ከነገረችኝ አንድ ቃል አልጠፋኝም።

«ያ ነገረኛ ከዚህ ካልተነሳሁ ንገሩት። እንደ ሕፃን እንዳትደብቁት፣ ነገር ሲደበቅበት ይብሳል እሱ። እኔ ሞትኩ ብሎ ደግሞ መድኃኒቱን እንዳይተው። ተከትሎኝ ቢመጣ በር አልከፍትለትም፣ ደጅ ላይ ነው የሚያድረው፣ ያውም ያለ ኮት። ጨው የበዛበትን ወጥ ይህን ሁሉ ዓመት ሙልጭ አድርጎ የበላ ሰው መርፌ ፈራ ቢሉኝ አላምንም።»

ንገሩት ነው ያለችው። ለሽማግሌዎቹ ይህን ብነግራቸው ኖሮ ምናልባት ሌላ ይወስኑ ነበር። እኔ ግን ድንኳን ውስጥ የሟች ስድብ እንዴት ይነገራል ብዬ አፈርኩ። ለቀስተኛው መሐል ጨዋ ልሁን ብዬ መድኃኒትህን ውጬ ያዝኩብህ።

የቤትህ ቁልፍ ሃሊሞ ጋ ነው። በረንዳውን ትጠርገዋለች። ድንጋይህም ከሱቄ ፊት ለፊት ባዶውን ነው፣ ዛሬም ሰው አላስቀምጥበትም።

ቢሌ

•

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቢሌ፣

ዒድ ሙባረክ። የእኛም ፋሲካ አለፈ። ሽማግሌው ወደ አገራቸው ሄዱ፣ አልጋቸው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል፣ ወሬ አይወድም።

ሐኪሙ ክረምቱን እዚሁ ትከርማለህ ብሎኛል። ስመለስ ጣቢያ እንድትቀበለኝ እፈልጋለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ወደ ኩሬው እንሂድ፣ ምንሽሩ ግን ቤት ይዋል።

እስከዚያ አንድ አደራ አለኝ። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ቆመህም ቢሆን ይህን አንብብላት። ጮክ ብለህ፣ ሳታስተካክል፦

«ኮቱን ደርቤያለሁ። መርፌውን ተወጋሁ፣ ያማል። ወጥሽ ጨው አልበዛበትም ነበር።»

ዘገዬ